ስሟ ጥያቄ ነው ወይስ አድናቆት?

ጥያቄ፦ ልጄን በቅድመ አያቷ ስም ምንትዋብ ብያታለሁ። የልደት ሰርተፍኬቷ ላይ ግን ጸሐፊው «ምን ትዋብ» ብሎ ለሁለት ሰንጥቆት ቁጭ! ባለቤቴ «ጥያቄ እኮ ይመስላል» እያለ ይስቃል። ትርጉሙ ምንድን ነው?
የምንትዋብ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ጸሐፊው ሳያስበው ትርጉሙን ነግሮሻል። ስሙ በእርግጥም «ምን» እና «ትዋብ» ነው። «ምን» ግን እዚህ አይጠይቅም፣ ያደንቃል። «ምን ዓይነት ልጅ ናት!» እንደምንለው። «ትዋብ» ደግሞ የነውቢት፣ የነውባለም ዘመድ ነው። ሲገጣጠም «ምንኛ ውብ ናት!» ይሆናል።

ስሙን ያስከበሩት የቋራዋ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ የአፄ በካፋ ባለቤት። እንደ ፈረንጆቹ በ1730 በካፋ ሲሞቱ፣ ከትንሹ ልጃቸው ከኢያሱ ጋር ዘውድ ጭነው ገዙ። ጎንደር አጠገብ የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያንም አሠሩ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር። በሰው አፍ የቀረው ግን ምንትዋብ ነው። እኔም ብሆን እሱን ነው የምመርጠው።

ሰርተፍኬቱን ግን ዛሬ ነገ ሳትዪ አስተካክዪው። ኋላ ፓስፖርት ላይ «ምን» የራሷ፣ «ትዋብ» ያባቷ ስም ሆኖ እንዳይመጣ።