የመስቀል ወፍ የት ትሄዳለች? ስለ ጓሮ ወፎች ጥያቄና መልስ

እንደምን ዋላችሁ። በገባሁት ቃል መሠረት ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስለ ጓሮ ወፎች የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን ሁለት ነገር ልንገራችሁ። «አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አየሁ፣ ምንድን ናት?» ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም። ከድንቢጥ ትበልጣለች ወይስ ታንሳለች? ምንቃሯ ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን? የት፣ በየትኛው ወር አያችኋት? ሁለተኛ፣ የጎጆ ፎቶግራፍ አትላኩልኝ።

ጥያቄ (ከአያት ሰፈር)፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ልጆቼ ጠዋት ጠዋት የዳቦ ፍርፋሪ ይበትናሉ፤ ብዙ ወፍ ይመጣል። ጉዳት አለው?

መልስ፦ ዳቦ ሆድ ይሞላል እንጂ አያጠነክርም። ልጆቹ ማብላት ከወደዱ ጥቂት ማሽላ ወይም ዳጉሳ በሰፊ ሳህን ያድርጉላቸው፤ የተረፈውን ማታ ያንሱት፣ አለበለዚያ አይጥ ይጠራል። ሳህኑን እጠቡ። በቆሸሸ ሳህን በሽታ ከዋኔ ወደ ዋኔ ይተላለፋል።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ጋሼ፣ የመስቀል ወፍ በየዓመቱ ከጓሮአችን የምትጠፋው ወዴት ተሰድዳ ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የትም አትሰደድም!

«የመስቀል ወፍ» የሚለው ስም በየአካባቢው ለተለያዩ ወፎች ይሰጣል። በደጋው ብዙ ጊዜ የምናየው መላ አካሉ ጥቁር፣ ትከሻውና ወገቡ ደማቅ ቢጫ የሆነው ነው። ሌላ ቦታ ቀዩን፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ባለ ረጅም ጭራውን ይሉታል። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ግን አንድ ነገር ነው። ክረምቱ ገብቶ ሣሩ ሲያድግ ተባዕቱ አሮጌ ላባውን አራግፎ የሠርግ ልብሱን ይለብሳል። በጋው ሲገፋ ያንን ጌጥ ጥሎ እንደ እንስቷ ቡናማ ዝንጉርጉር ይሆናል፤ ከዘር ለቃሚዎች መንጋ ጋር ይቀላቀልና ዓይናችን ያልፈዋል። ታኅሣሥ ላይ አጥራችሁ ላይ ተደርድረው «ተራ ወፍ» ብላችሁ ከምታልፏቸው መካከል ምናልባት እሱ አለ። በዓመት አንዴ ብቅ የሚልን ዘመድ «እንደ መስቀል ወፍ» እንለዋለን፤ ወፉ ግን ዓመቱን ሙሉ ጎረቤታችን ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሣሩ ነው። በዓል ሲደርስ ግቢ ይጸዳል ተብሎ ሣሩ ከሥሩ ይታጨዳል። ቢጫው ወፍ ጎጆውን የሚሠራው በዚያ ሣር ውስጥ ነው፤ በበጋ የሚበላውም የሣሩን ዘር ነው። እባካችሁ፣ የግቢያችሁን አንድ ጥግ ዘር አፍርቶ እስኪደርቅ ድረስ አትጨዱት። ከማንኛውም የማሽላ ሳህን ይበልጣል።

አባል (ከባሕር ዳር)፦ ይቅርታ ጋሼ፣ እኛ ዘንድ የመስቀል ወፍ ባለ ረጅም ጭራው ብቻ ነው። ቢጫውን እንዲህ ብሎ የሚጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

አባል (ከሰላሌ)፦ ወንድሜ፣ አገሩ ሰፊ ነው። እኛ በልጅነታችን በየሜዳው ያባረርነው ቢጫውን ነው።

አባል (ከባሕር ዳር)፦ ጭራ የሌለው ወፍ ምኑ ያምራል? አደይ አበባ ላይ ሲያርፍ ያንን ጭራ አይተኸው ታውቃለህ?

አባል (ከሰላሌ)፦ አደዩ ራሱ ቢጫ አይደለም እንዴ? ወፉም ቢጫ ነው።

መልስ፦ በስም አትጣሉ፤ ሁለታችሁም የአያቶቻችሁን ቃል ነው የያዛችሁት። ባለ ረጅም ጭራው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ምንቃሩ ቀይ ነው። እንስቷ ጎጆ አትሠራም፤ ዕንቁላሏን በሌሎች ትንንሽ ዘር በል ወፎች ጎጆ ውስጥ ትጥላለች፣ ጫጩቷንም እነርሱ ያሳድጉላታል። ስለዚህ ባለ ጭራውን የምትወድ ሰው እነዚያን ትንንሽ ወፎች፣ እነርሱም የሚኖሩበትን ሣር ጠብቅ። ተመልሰን ሣሩ ላይ ደረስን።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ታዲያ የመስቀል ወፍ በጋውን የምታሳልፈው ሱዳን ነው?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ያንብቡት።

እውነተኛ ስደተኛ ማየት የሚፈልግ ሰው ግን ከመስከረም ጀምሮ የተስተካከለ ሣር ላይ ይመልከት። ሆዷ ቢጫ፣ ቀጭን፣ እየሮጠች ጭራዋን ከፍ ዝቅ የምታደርግ ወፍ ያያል። እርሷ ከአውሮፓና ከእስያ በርራ የመጣች ናት፤ ብርዱ ሲያልፍ ትመለሳለች። ይህን ያህል መንገድ ተጉዛ እግራችን ሥር ስትሮጥ ቀና ብሎ የሚያያት የለም።

ጥያቄ (ከቦሌ)፦ ጠዋት የሚጮኸው ጋጋኖ እንቅልፍ ነሳን። እንዴት ይባረራል?

መልስ፦ አይባረርም። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም የማይኖር ወፍ ነው፤ ረጅም ምንቃሩን እየሰደደ ከመስክዎ ውስጥ ትል እያወጣልዎት ነው።

ጥያቄ (ከጉለሌ)፦ አበባ ቀሳሚ ወፎችን በካሜራ አነሳለሁ፤ ሁሌ ጥቁር ሆነው ይወጣሉ። ካሜራዬ ነው ጥፋተኛው?

መልስ፦ ካሜራሽ ጤነኛ ነው። በተከዜ ወንዝ የተሰየመውን አበባ ቀሳሚ ተባዕት እንውሰድ። ሐምራዊ የሚያብረቀርቅ ነው፤ ነገር ግን ያ ቀለም ከላባው አሠራር የሚመጣ የብርሃን ነጸብራቅ ስለሆነ ብርሃኑ በትክክለኛው ማዕዘን ካላረፈበት ወፉ ከሰል ይመስላል። ስለዚህ ፀሐይዋን ከጀርባሽ አድርጊ። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው። ፍጥነቱን ከ1/1000 ሰከንድ በላይ አድርጊ፤ ትኩረቱ ዓይኑ ላይ ይሁን። ዋናው ግን ወፉን ተከትሎ አለመሮጥ ነው። ራስ ክምር፣ እሬት፣ አሸንዳ ወይም ቆርች ካበበበት አጠገብ ዝቅ ያለ መቀመጫ አኑሪና ተቀመጪ። ሄዶ ይመለሳል፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አንቺን ረስቶሻል። እኔ ለአንድ ፎቶግራፍ ሙሉ ጠዋት ተቀምጬ ባዶ እጄን የገባሁበት ቀን ብዙ ነው፤ አንዱም አይቆጨኝም።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ በስልክስ ይቻላል?

መልስ፦ ለዋኔና ለእርግብ ይቻላል።

ጥያቄ (ከመገናኛ)፦ ጽጌረዳችን ውስጥ ሦስት ዕንቁላል ያለበት ጎጆ አለ። ፎቶግራፉን እነሆ፤ የማን ነው?

መልስ፦ ፎቶግራፉን አጥፋው። ቅርንጫፍ ገልጠህ ስታነሳ ቁራ ከላይ ያይሃል፤ ድመት ደግሞ የእግርህን ሽታ ትከተላለች። እናቲቱ ከተደናገጠች ዕንቁላሉ ይበርዳል። ከሩቅ ተመልከት፤ ማን እንደሚገባና እንደሚወጣ ጻፍልኝ፣ ያኔ እነግርሃለሁ።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ ጋሼ፣ እዚህ ለሃሚንግበርድ የስኳር ውኃ ይሰቀላል። የአገር ቤቱ አበባ ቀሳሚ ዘመድ ነው? ማር ልጨምርበት?

መልስ፦ ዘመድ አይደለም። ሃሚንግበርድ በአሜሪካ አህጉራት ብቻ የሚኖር ነው፤ ኑሯቸው ስለሚመሳሰል ነው መልካቸው የተቀራረበው። አንድ እጅ ስኳር፣ አራት እጅ ውኃ፤ ማርም ቀለምም አይግባበት፣ ማር ሻጋታ ያመጣበታል። በሙቀት ጊዜ በየሁለት ቀኑ ይቀየር፣ ዕቃውም ይታጠብ። አገር ቤት ያላችሁ ግን ስኳሩን ተዉትና ቆርች ትከሉ።

ጥያቄ (ከሳር ቤት)፦ አረንጓዴዋን ትንሽ በቀቀን ይዤ በቀፎ ላሳድጋት እችላለሁ?

መልስ፦ አይሆንም! እርሷም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የዱር መኖሪያ የላትም። ሾላ ወይም ፅድ ካለህ ራሷ ትመጣለች። ግንባሩ ቀይ የሆነው ተባዕቱ ነው።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ማታ ማታ ጉጉት ጣሪያችን ላይ ይጮኻል። እናቴ ሟርት ነው ብለው ይሰጋሉ።

አባል (ከጎንደር)፦ እናትህን ስማቸው። እኛ ቤት በጮኸ በሳምንቱ ለቅሶ ገብቷል።

አባል (ከአዳማ)፦ በየሌሊቱ ሲጮህ የኖረውን ትተን ያንን አንድ ቀን ብቻ ነው የምናስታውሰው።

አባል (ከጎንደር)፦ አባቶቻችን ያለ ነገር አልተናገሩም።

መልስ፦ የማንንም አባት አንንቀፍ። ጉጉት ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው አይጥ ስላለ ነው። እናትህን በአክብሮት ይህን ንገራቸው፤ የአይጥ መርዝ ግን አታስቀምጡ፤ የተመረዘችውን አይጥ የበላ ጉጉት አብሮ ይሞታል።

ጥያቄ (ከሲኤምሲ)፦ ወፎች መስኮታችን ላይ እየተላተሙ ይሞታሉ።

መልስ፦ ሰማዩን በመስተዋቱ ውስጥ እያዩ ነው። ከውጭ በኩል በየ5 ሳንቲሜትሩ ነጥብ ይለጥፉበት። አንድ ትልቅ ሥዕል መሐል ላይ መለጠፍ አይበቃም።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አየሁ፤ ምንድን ናት?

መልስ፦ ምንቃሯ? መጠኗ? ወሩ? መጀመሪያ የጻፍኩትን እባክዎ ይመልከቱ።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ጋሼ፣ መልስዎን ሳላነብ ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት ሣሩን አሳጨደው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ አይዞሽ፤ ሥሩ አልተነቀለም። የታጨደውን አታቃጥሉት፣ ጥግ ላይ በትኑት፤ ዘሩ ውስጡ ስላለ ይለቅሙታል። አጠገቡ ጥልቀቱ ከአራት ጣት የማይበልጥ የውኃ ሳህን አስቀምጪ፤ ድመት ከማታደፍጥበት ገላጣ ቦታ ይሁን። ሳህኑን እጠቢው። ታኅሣሥ ላይ ከሚመጡት ቡናማዎች መካከል ትከሻው ላይ ትንሽ ቢጫ የቀረበትን ካየሽ ጻፊልኝ።