የካምቢዮ ሳጥን ስንጥቅ፦ ዘይቱ ስለቆመ ብቻ ተጠግኗል አትበል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። «ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር አለኝ። የካምቢዮው ሳጥን ከታች፣ ካምቢዮውን የሚደግፈው ጎማ የሚታሰርበት ጋ ተሰንጥቆ ዘይት ያንጠባጥባል። መካኒኬ ሳናወርደው በብየዳ እንይዘዋለን ይላል። ላስበይደው ወይስ ልቀይረው? አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ነኝ» ብለሃል። ብዙ ሰው ደግሞ «አስበይደው፣ ምንም አይልም» ብሎ መልሶልሃል። እኔ በዚሁ ጉዳይ፣ በዚሁ ከተማ መሃል ፍዳዬን አይቻለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ የምትፈልገው መልስ፦ ካምቢዮው ሳይወርድ፣ ማርሾቹም ሳይወጡ ማንም እሳት እንዳያስጠጋበት። መካኒክህ የፈለገውን ይበል። «ለዛሬ ብቻ» ቢልህም እሺ አትበል።

አንድ ነገር ልገምት። በቅርቡ ፍሪሲዮን አስቀይረሃል። እንደዚያ ከሆነ ስንጥቁ ከድንጋይ ላይመጣ ይችላል። ፍሪሲዮን ሲቀየር ካምቢዮው ይወርዳል፣ ከታች ያለው ጎማም ይፈታል። የብሎን ቀዳዳዎቹ መጨረሻቸው ድፍን ነው። ውስጣቸው ዘይት ወይም ውሃ ከቀረና ብሎኑ በአየር መፍቻ ከተነዳ፣ ፈሳሹ መውጫ ያጣል። ፈሳሽ ደግሞ አይታመቅም። ስለዚህ ቀዳዳውን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ክሪኩን ጠንካራው ቦታ ላይ ሳይሆን ስስ ግድግዳው ላይ ደግፈው ካነሱትም ያው ነው። የእኔ ከቀዳዳው ነው የጀመረው። ያንተም ከዚያ ከጀመረ ጥፋቱ የመንገዱ አይደለም፣ የሠሪው ነው።

አሁን በቁጥር ልንገርህ።

1. ማግኔት ያዝ። ሳጥኑ ላይ ከተጣበቀ የብረት ቀልጥ ነው፣ ካልተጣበቀ አልሙኒየም ነው። የሁለቱ አበያየድ ፈጽሞ አይገናኝም። በያጁ ይህን ሳይጠይቅህ ዋጋ ከነገረህ መንገድህን ቀጥል።

2. ስንጥቁ የት እንደሚያልቅ እወቅ። ዓይንህ የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ ከእውነተኛው ያጠረ ነው። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ በኋላ በቤንዚን እጠበውና አድርቀው። ከውጭ በኩል ጠመኔ ቀባው፣ ከውስጥ ነጭ ጋዝ አስነካው። ጥቂት ቆይተህ ስታየው ጋዙ ሾልኮ በጠመኔው ላይ መስመር ያወጣልሃል። ርካሽ ዘዴ ነው፣ ግን አይዋሽም።

3. መስመሩ የቆመበትን ቦታ ተመልከት። ተራ ግድግዳ ላይ ካለቀ ብየዳ ይሞከራል። የኩሽኔታ (ዘንጉን ይዞ የሚያዞረው ቀለበት) መቀመጫ ጋ ወይም ሁለት ሳጥኖች የሚገጥሙበት ልሙጥ ፊት ጋ ከደረሰ ብር አታባክን፣ ቀይረው። ይህን የምነግርህ ከሌላ ሰው ሰምቼ አይደለም።

መኪናዬን የወሰድኩት እዚያው አንተ ካለህበት ብዙም ያልራቀ ጋራዥ ነው። ስሙን አልጠራም። ፍሪሲዮኑን የቀየሩትም እነሱ ናቸው፣ ዘይት ሲያንጠባጥብ የመለስኩትም እነሱ ጋ ነው። ካምቢዮውን አወረዱት፣ ማርሾቹን ግን አላወጡም። እንዳለ በየዱት። ማታ ጠርተው ከታች አጎንብሼ እንዳይ አደረጉኝ። ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ የለም። ከፈልኩና ሄድኩ።

ብዙም ሳይቆይ ካምቢዮው ማልቀስ ጀመረ። 2ኛ ላይ ያለቅሳል፣ 3ኛ ላይ ይብሳል፣ 5ኛ ላይም አለ። 4ኛ ላይ ጸጥ። ከእንጦጦ ስወርድ ደግሞ 3ኛውን መትፋት ጀመረ፣ ማርሹ ሳልነካው በራሱ ይወጣል። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ሲተፋ ምን ማለት እንደሆነ የነዳ ያውቀዋል። ልጆቼ ከኋላ ነበሩ።

ተመልሼ ስሄድ ኃላፊው ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም። «ዘይት ያፈሳል?» አለኝ። አያፈስም አልኩት። «ታዲያ ምን ሆንክ? የላንድክሩዘር ድምፅ እንደዚህ ነው። ደግሞ 4ኛ ላይ ድምፅ የለም ብለሃል፤ ካምቢዮው ቢበላሽ ኖሮ ሁሉም ላይ ይጮህ ነበር» አለ፣ ሠራተኞቹ ፊት። አነጋገሩ ዛሬም ያናድደኛል። የባሰ የሚያናድደኝ ግን 4ኛው ጸጥ ማለቱ የጥፋታቸው ማስረጃ መሆኑ ነው። እንዲህ ባሉ ካምቢዮዎች 4ኛ ማርሽ ቀጥታ ነው። ጉልበቱ ከላይኛው ዘንግ ወደ ታችኛው ሳይወርድ ያልፋል። በሌሎቹ ማርሾች ግን በታችኛው ዘንግ በኩል ይዞራል። ስለዚህ ሁለቱ ዘንጎች ትይዩ መሆናቸው ሲቀር 4ኛው ዝም ይላል፣ ሌሎቹ ያለቅሳሉ። ይህን የማያውቅ ሰው የጋራዥ ኃላፊ መሆን አልነበረበትም። አውቆ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ደረሰኝ ስጠይቅ «ሲስተም የለም» አሉኝ። አቤቱታ የሚቀበል አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የተቀመጠችው ልጅ ቀና ብላ ሳታየኝ «ደረሰኝ ከሌለህ ምን ላድርግልህ?» አለችኝ። ደረሰኙን ስለከለከሉኝ ነው የመጣሁት ብል ማን ይስማኝ። ስለዚህ አንተ መኪናህን ከማስገባትህ በፊት ምን እንደሚሠሩ በወረቀት አስጽፈህ አስፈርማቸው። ካልፈረሙ አታስገባ።

እውነቱን የነገሩኝ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቶርኖ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ካምቢዮውን ከፍተው ማርሹን አውጥተው አሳዩኝ። ጥርሶቹ በአንድ ጫፍ ብቻ አብረቅርቀዋል፣ ሌላው ጫፍ አልተነካም። «ልጄ፣ ይሄ ዘይት መያዙን ነው ያዩልህ፤ ቀጥ ማለቱን ማን አየ?» አሉኝ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። አልሙኒየም 660 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ሲሞቅ ደግሞ ከብረት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። አንድ ቦታ ብቻ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ዙሪያውን ይጎትታል። የኩሽኔታ መቀመጫው በፀጉር ስፋት እንኳ ቢነቃነቅ ዘንጉ ከመስመሩ ይወጣል። በዓይን አይታይም፣ ዘይትም አያፈስም። ማርሹን ግን ቀስ እያለ ይበላዋል። ጋሼ በመለኪያ አስቀምጠው ሲያዞሩት መርፌው ሲሄድ በዓይኔ አየሁ።

እና ሳጥንህ አልሙኒየም፣ ስንጥቅህም ጥሩ ቦታ ላይ ሆኖ ልታስበይድ ከወሰንክ አሠራሩ ይህ ነው። ሳጥኑ ባዶውን ይሁን። ኩሽኔታም፣ ፓራኦሊዮም (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) አይቅር። አልሙኒየም ቀልጥ ዘይት ይጠጣል። ስለዚህ አሙቀው፣ የወጣውን ዘይት ጠርገው፣ እንደገና ማሞቅ አለባቸው፤ ዘይት መላቡን እስኪያቆም። የስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፣ ወደፊት እንዳይሮጥ። ስንጥቁ ተሞርዶ ይከፈታል። ላዩ ላይ ያለው ዝገት መሰል ሽፋን ከ2000 ዲግሪ በላይ ካልሆነ ስለማይቀልጥ በደንብ መፋቅ አለበት። ብየዳው በአርጎን ነው፣ የሚጨመረው ሽቦም ሲሊከን ያለበት። ሳጥኑ በሚበየድበት ጊዜ ከጓደኛው ሳጥን ወይም ከወፍራም ላሜራ ጋር በብሎን ታስሮ ይቆይ፣ እንዳይጣመም። አጭር አጭር ይበየድ። ውሃ አይድፉበት፣ አሸዋ ውስጥ ቀብረውት ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ቶርኖ ቤት ወስደህ መቀመጫዎቹን አስለካ። መለካቱን «አያስፈልግም» የሚልህን በያጅ አትስማው።

ማጣበቂያ ኢፖክሲስ ብትለኝ፣ ጭነት የማይሸከም ግድግዳ ላይ ላለ ቀጭን ስንጥቅ ይይዛል። ጎማው የሚታሰርበት ቦታ ግን የካምቢዮውን ክብደት ስለሚሸከም አይሆንም። በዚህ አልከራከርም።

የምትቀይር ከሆነ ሶማሌ ተራ ነው የምትሄደው። ከመሄድህ በፊት ኮፈኑን ክፈትና ከሞተሩ ጀርባ ያለውን የቶዮታ ትንሽ ሳህን ፎቶ አንሳ። ትራንስ አክስል የሚል መስመር አለ። የካምቢዮው ዓይነት እዚያ ተጽፏል። ደላላው «የሃርድቶፕ ነው፣ ይገባል» ይልሃል። ሃርድቶፕ ሁሉ አንድ ካምቢዮ የለውም። የተሰነጠቀውን ይዘህ ብትሄድ የተሻለ ነው። ጎን ለጎን አስቀምጠህ ቀዳዳዎቹን ቁጠር፣ መቀመጫዎቹን በጣትህ ዳስስ፣ ጆሮዎቹን (ብሎን የሚታሰርባቸውን ጉጦች) እያንዳንዱን እይ። ያገለገለ ሳጥን ራሱ ተበይዶ ቀለም ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። አዲስ ቀለም ካየህ ፋቀው። ባለሱቁ ቢቆጣ ሌላ ሱቅ አለ።

ዋጋ አልጽፍልህም፣ ምክንያቱም ነገ ይቀየራል። ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ብቻ አንተ ከእኔ የተሻለ ዕድል አለህ። በተጣመመ ሳጥን ገና አልነዳህም፣ ዘይቱም ጎድሎ ካልነዳህ ማርሾችህ ደህና ናቸው። ባዶ ሳጥን ገዝተህ የራስህን ማርሽ በአዲስ ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ ማዛወር ትችላለህ። እኔ ማርሹ ስለተበላብኝ ሙሉ ካምቢዮ ነው የገዛሁት። ሙሉ ከገዛህ ዘይት ማፍሰሻውን አስከፍተህ ማግኔቱን እይ። ስስ ጥቁር ጭቃ የተለመደ ነው። የጥርስ ስብርባሪ ካለ ተወው።

ሲገጠም አጠገባቸው ቁም። እኔ ቆሜያለሁ፣ ደስ አላላቸውም፣ ግን ቆሜያለሁ። የብሎን ቀዳዳዎቹ በአየር ይነፉና በጨርቅ ይድረቁ። ብሎኖቹ በእጅ ይጀመሩ፣ በቶርክ መፍቻ ይጥበቁ። ያረጀው የካምቢዮ ጎማ ይቀየር፣ ካልሆነ አዲሱ ሳጥንም እንደ አሮጌው ይመታል። የአየር መተንፈሻው በጭቃ መደፈኑንም አስታይ፤ ከተደፈነ ዘይቱ በፓራኦሊዮ በኩል መውጣቱ አይቀርም፣ እነሱም ሳጥኑ ነው ይሉሃል።

የእኔ ዛሬ ሰው ጭኖ እንጦጦን በ3ኛ ሲወጣ የሞተሩን ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው። የገጠሙት ጋሼ የመረጡልኝ መካኒክ ናቸው። ከፈለግህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝና አድራሻቸውን እሰጥሃለሁ። እስከዚያ መኪናውን አትንዳው፣ መካኒክህንም «ቆይ» በለው። ስንጥቁን በቤንዚን ጠርገህ በባትሪ መብራት ከቅርብ ፎቶ አንሳና እዚህ ለጥፈው። የብሎን ቀዳዳው እንዲታይ አድርገህ አንሳው፣ ወደ ኩሽኔታው መቀመጫ እየሄደ ከሆነ አይቼ እነግርሃለሁ።