ከልብ ኋላ የተቋጠረ ውሃ፦ ለወጣት ሐኪሞች

ባለፈው ሰሞን እዚህ ሐዋሳ አንዲት ወጣት ሐኪም «ዶክተር፣ በአልትራሳውንድ የሚመራው ኢንዶስኮፒ ለእኛ አገር ቅንጦት አይሆንም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ በአፍ የሚገባውን፣ ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ያለበትን ቱቦ ማለቷ ነው። ጥያቄዋ ከብዙ ዓመታት በፊት ያከምኋቸውን አንድ የሲዳማ ገበሬ ስላስታወሰኝ ለእርሷም ለእናንተም ልጽፍ ወደድሁ።

እኒህ አባት የግራ ሳንባቸው ሽፋን ውሃ ቋጥሮ ነበር። ውሃው ወደ ታች ወርዶ ቢጠራቀም ኖሮ በጀርባ በኩል በመርፌ መቅዳቱ ባላስቸገረን ነበር፤ ሲቲ ስካኑ ያሳየን ግን ከልብ ኋላ፣ በምግብ ቧንቧና በአኦርታ (ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ሥር) አጠገብ ታጥሮ መቀመጡን ነው። ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ጥለው፣ ትራስ የተደረገበት ጠረጴዛ ላይ ደገፍ ብለው ተቀመጡ። የአልትራሳውንዱን መዳሰሻ በየጎድን አጥንቱ መሃል ባሳርፍም የድምፅ ሞገዱ አየር የሞላውን ሳንባ አልፎ ሊሄድ ስለማይችል ውሃው አልታየኝም። መርፌውን ሳላነሣ ስቀር በልጃቸው አስተርጓሚነት «ውሃው ወጣ ወይ?» አሉኝ። ቤተሰቡ ወደ አዲስ አበባ ሊወስዳቸው አቅም አልነበረውም። በግምት የቲቢ መድኃኒት ጀመርንላቸው፤ ሳይሻላቸው ወደ ቀዬአቸው ተመለሱ። ሕመማቸው ቲቢ ይሁን ካንሰር ሳይታወቅ መቅረቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያ ውሃ ከምግብ ቧንቧው የሚለየው ጥቂት ሚሊሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለቆሽት ናሙና መውሰጃነት መዋል የጀመረው በአልትራሳውንድ የሚመራው ኢንዶስኮፒ በአፍ ገብቶ፣ ጫፉ ላይ ባለው አልትራሳውንድ ፈሳሹን ከቅርብ ያሳያል፤ የደም ፍሰትን በሚያሳየው ዶፕለር ደም ሥሮቹን ለይቶ፣ ቀጭኑ መርፌ ሲገባ በዓይን እየታየ ይቀዳል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ የፈሳሹ ፕሮቲን ከደሙ ፕሮቲን ግማሽ (0.5) መብለጡ (የሳንባ ሽፋኑ ራሱ መታመሙን ይጠቁማል)፣ የሕዋስ ምርመራው፣ ለቲቢ ደግሞ አዴኖሲን ዲአሚኔዝ የተባለው ኢንዛይም መጠኑ መንገዱን ያመለክታል።

መሣሪያ አታሳድዱ እያልሁ ኖሬአለሁ። ዛሬም ብዙዎቻችሁ ደረት በጣት እየመታችሁ ሳትመረምሩ፣ የራጁን ፊልም ሳታዩ፣ ሪፖርት ብቻ አንብባችሁ መወሰናችሁ ያሳስበኛል። በጀርባ በኩል የሚደረስበትን ውሃ በአፍ በኩል መቅዳት የአፍ ጀርሞችን ንጹሕ ወደሆነው የሳንባ ሽፋን የማስገባት አደጋ ስላለው ፈጽሞ አይገባም፤ መግል ከሆነም ቀጭን መርፌ ስለማይበቃው ቱቦ ይሻል። ለእኒያ አባት ግን ከዚህ ሌላ የሚቀርብ መንገድ አልነበረምና ቅንጦት ነው ልላት አልችልም። ከእናንተ መካከል የጨጓራና የአንጀት ሕክምና ስፔሻሊቲ የምትማሩ፣ ሥልጠናው በቆሽትና በሐሞት ላይ ቢያተኩርም፣ መሣሪያው ወደ ጨጓራ ሲወርድ በደረት ውስጥ የሚያልፍበትንም ስፍራ አስተምሩን ብላችሁ አሠልጣኝ ሐኪሞቻችሁን ጠይቁ።