«ገና» አትበይ ተባልኩ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ያደግሁት መንዝ ነው፤ እዚህ የመጣሁት ለሥራ ነው። ሰሞኑን «ለገና አገር ቤት እሄዳለሁ» ስል አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ተቆጣችኝ። «ገና ማለት አልደረሰም ማለት ነው። ጌታ ገና አልተወለደም እያልሽ ነው? ልደት በይ!» አለችኝ። ሌላው ደግሞ ቡሄውም፣ ቄጤማውም፣ የገና ጨዋታውም ሃይማኖት ሳይሆን ባህል ነውና ተዪው አለኝ። እናቴ ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ በእምነት ነው። ግራ ገባኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ ልጄ። ከባልደረባሽ ልጀምር። የተቆጣችው ለጌታ ክብር ተቆርቁራ ነው፤ ለዚህስ አመሰግናታለሁ። ቃሉን ግን ስታዋለች። አማርኛ ውስጥ ሁለት «ገና» አለ። አንዱ «ወጡ ገና አልበሰለም» የምንለው ነው። ሌላው የበዓሉ ስም ነው። ሲጻፉ አንድ ይመስላሉ፤ ሲነገሩ ይለያያሉ። የበዓሉ «ና» ትጠብቃለች፣ የወጡ «ና» ትላላለች። እስኪ ደጋግመሽ በያቸው፣ ጆሮሽ ራሱ ይለየዋል።

የበዓሉን ስም ሊቃውንቱ ከግሪክ ያመጡታል። ትርጉሙ መወለድ ነው ይላሉ። ስለዚህ «ገና» ስትዪ «ልደት» ብለሻል፤ የተለወጠው ቋንቋው ብቻ ነው።

ግሪክ ከኛ ጋር ምን አገናኘው ትዪ ይሆናል። የመጀመሪያው ጳጳሳችን አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሾመው እስክንድርያ ላይ፣ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ነው። የግእዙ መጽሐፍ ቅዱስም በአብዛኛው ከግሪክ የተመለሰ ነው። ቃላቱም አብረው ተሻገሩ። «ወንጌል» የግሪክ ቃል ነው። «ዲያቆን»ም እንደዚያው። «ሆሳዕና» ደግሞ ዕብራይስጥ ነው፤ «አሁን አድን» ማለት ነው። «ፋሲካ»ም ከእስራኤል የመጣ ነው፤ ማለፍ ማለት ነው። በግብፅ የበጉ ደም የተቀባበትን ቤት መቅሠፍቱ አልፎታልና። ቅዱስ ጳውሎስም «ፋሲካችን ክርስቶስ ታርዶአል» ያለው ይህን ይዞ ነው። «ገና»ን በባዕድነቱ ካባረርነው እነዚህንም ሁሉ ሸኝተን ልንቀር ነው።

አሁን እኔ ደስ ወደሚለኝ ልምጣ። የከተራ ዕለት እናትሽ «ዛሬ ጋድ ነው» ብላ ስትጾም አይተሽ ይሆናል። «ጋድ» የግእዙ «ገሃድ» ነው፤ ይፋ፣ ግልጥ ማለት ነው። ጌታ በዮርዳኖስ ሲጠመቅ አምላክነቱ ስለተገለጠ ዋዜማውን በዚህ ስም ጠሩት። ገበሬው አፍ ላይ ሲኖር ሲኖር አጠረና ጋድ ሆነ። «ከተራ» ደግሞ ከመከተር ነው። ታቦታቱ ከመውረዳቸው በፊት ወንዙ ይከተራል። ምንጃር ኢራንቡቲ ጥምቀትን ያከበረ ሰው፣ ያን ሁሉ ታቦት ባንድ ባሕረ ጥምቀት ሲያይ፣ ከተራ የምትለውን ቃል ሌላ ማስረዳት አያሻውም።

ይህቺን «ገሃድ» ያዢልኝ፣ ፋሲካ ላይ እመለስባታለሁ።

ልጅ ሳለሁ አንኮበር አካባቢ ቄጤማ ተሸካሚ ነበርኩ። ቀዳም ሥዑር ጠዋት ቄሱ ቃጭል እያሰሙ ከፊት ይሄዳሉ፤ እኔ እርጥቡን ቄጤማ ታቅፌ ከኋላ። ብርዱን ታውቂዋለሽ። ሸማዬ ከትከሻዬ እስከ ወገቤ ርሶ ይበርደኝ ነበር። አያቴ ደጃፏ ላይ ነጠላዋን አደግድጋ ትጠብቀናለች። ያከፈለች ናት፤ ከዓርብ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ከንፈሯ ደርቋል። ቄሱ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ፣ ትንሣኤሁ አግሀደ» ብለው ቄጤማውን ሲሰጧት ተቀብላ ግንባሯ ላይ ታስረዋለች። ውኃው በጉንጯ ይወርዳል። አትጠርገውም።

በመስቀሉ ሰላምን አደረገ፣ ትንሣኤውን ገለጠ ማለት ነው። «አግሀደ» የምትለዋን አየሻት? ከጋድ ጋር የአንድ እናት ልጅ ናት። አያቴ ግእዝ አልተማረችም። በጥር «ጋድ ነው» ብላ ትጾማለች፤ በፋሲካ ዋዜማ «አግሀደ» ሲባል «አሜን» ትላለች። ቄጤማውም እንዲያው ለምለም ስለሆነ አይደለም። የኖኅ ርግብ ውኃው መጉደሉን ያበሠረችው ለምለም ቅጠል ይዛ ነው፤ ያን ለማሰብ ነው። «ሥዑር» ደግሞ የተሻረ ማለት ነው። ቅዳሜ በሌላ ጊዜ ከእህል ከውኃ አይጾምም፤ ይቺ አንዷ ቅዳሜ ግን ስለምትጾም ተሻረች ተባለ። ይህን ባህል ብቻ ነው ላለሽ ሰው እንግዲህ ምን ትይዋለሽ?

ቡሄም ቢሆን ደብረ ታቦር ነው፤ ነሐሴ 13 የሚከበረው። ጌታ በተራራው ላይ ብርሃነ መለኮቱን ገልጧልና ችቦው ያንን ያስባል። ጅራፉ ከደመናው የመጣውን ድምፅ ያስታውሳል። እረኞቹ በብርሃኑ ቀን መስሏቸው በመስክ ስለቆዩ ወላጆች ዳቦ ይዘውላቸው ሄዱ ይባላል፤ ሙልሙሉ ከዚያ ነው። ደመራ ደግሞ ከ«ደመረ» ነው፣ ሰበሰበ፣ አከማቸ። ንግሥት እሌኒ እንጨት አስደምራ፣ ዕጣን ጨምራ፣ ጢሱ መስቀሉ የተቀበረበትን ኮረብታ አመለከታት።

የገና ጨዋታውም የመጣው ከእረኞቹ ደስታ ነው ብለን እናስተምራለን። ግን ቀኖና አይደለም። ሩሯን ያልመታ ሰው ኃጢአት አልሠራም። መቺው ግን ሰው እንዳይፈነክት ይጠንቀቅ፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ለዱላ ፈቃድ አይደለም።

ሁሉም ነገር ላይ ትርጉም መለጠፍም አልወድም። ዶሮ ለ12 የሚበለተው ለ12ቱ ሐዋርያት ነው ሲሉ እሰማለሁ። ደስ ይላል፣ ማንንም አይጎዳም፤ ግን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ብዬ አላስተምረውም። «እንቁጣጣሽ»ንም ንግሥተ ሳባ ከተሰጣት ዕንቁ ጋር ያያይዙታል። ወግ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቀኑን የምትጠራው ርእሰ ዐውደ ዓመት፣ ቅዱስ ዮሐንስ ብላ ነው። «አውዳመት» የምንለውም ይኸው «ዐውደ ዓመት» ነው፣ የዓመት ዙሪያ።

ተዪው የምልሽ ነገር ካለ ሌላ ነው። በአውዳመት ዋዜማ ገበያ ወጥቶ «ገብስማ ካልሆነ አይሆንም፣ አድባሩ ይቆጣል» ብሎ ዶሮ የሚመርጥ አለ። ደመራው ወደየት ወደቀ ብሎ ዓመቱን የሚጠነቁልም አለ። ይህ በጓዳ የተደበቀ ባዕድ አምልኮ ነው። የሚገርመኝ «ገና» ባልሽው የሚቆጣሽ ሰው የዶሮውን ላባ ሲመርጡ ዝም ማለቱ ነው። እናትሽ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ካለ ቀስ ብለሽ፣ ሳታሳፍሪያት ንገሪያት። ካስቸገረሽ የንስሐ አባቷን አማክሪ።

በይ ለገና ሂጂ። ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ከሆነ ታኅሣሥ 28 መሆኑን አትርሺ፣ በሌላው ዘመን 29 ነው። ብትፈቅድልሽ ባልደረባሽንም ይዘሻት ውረጂ። መንዝ ሁለት ቀን ካደረች «ና»ዋን አጥብቃ መጥራት ትለምዳለች።