ሰርሳሪ ማለት ምን ማለት ነው? የጎረቤት ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን እዚህ ለገጣፎ፣ እኛ ሰፈር፣ ሁለት ቤት ተሰበረ። ሁሉም «ሰርሳሪ ገባ» ይላል። ቃሉ ግራ ያጋባችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ይኸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰርሳሪ ከሌባ በምን ይለያል?

መልስ፦ ሌባ የሁሉም ስም ነው። ኪስ አውላቂውም ዶሮ ሰራቂውም ሌባ ነው። ሰርሳሪ ግን ቤት ሰብሮ የሚገባው ነው። «ሰረሰረ» በሳ፣ ቦረቦረ ማለት ነው። አናጢው የሚበሳበትን መሰርሰሪያ አስቡት፤ «አጥንት የሚሰረስር ብርድ» የምንለውም ከዚሁ ነው። የድሮ ቤት ግድግዳው እንጨት ቆሞ፣ በማገር ተይዞ፣ ጭድ ገብቶበት በተቦካ ጭቃ የተመረገ ነው፤ እና ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሌባው በጓሮ በኩል ጭቃውን እየፈረፈረ፣ ቤተሰቡ ምንም ሳይሰማ፣ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ያወጣል። ሰርሳሪ የተባለው በዚህ ነው። የማቴዎስ ወንጌል 6፥19 ላይም ሌቦች ቆፍረው እንደሚሰርቁ ተጽፏል። ጭቃ ቤት ላደገ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ጥያቄ፦ የኛ ቤት ብሎኬት ነው፣ የገቡትም የመስኮቱን ፍርግርግ ፈልቅቀው ነው። ይሄም ሰርሳሪ ይባላል?

መልስ፦ አዎ። ግድግዳው ተለወጠ እንጂ ቃሉ አልተለወጠም።

ጥያቄ፦ ማጅራት መቺስ?

መልስ፦ እሱ መንገድ ላይ ነው፣ ከኋላ መጥቶ የሚመታው።

ጥያቄ፦ ፖሊስ ጣቢያ «ዘረፉኝ» ብዬ አመለከትኩ። ተሳሳትኩ እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን እናንተን አልነኩ። ማንም ሳይኖር ገብተው ከሆነ ስርቆት ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ስርቆትን አንቀጽ 665፣ ከባድ ስርቆትን 669፣ ውንብድናን 670 ላይ ለያይቶ ነው ያስቀመጠው። ውንብድና ሰው ላይ ኃይል መጠቀም ወይም ማስፈራራት አለበት። ስለዚህ «ዘረፉኝ» ብለሽ አታቁሚ። በየት ገቡ? ምን ተሰበረ? ስንት ሰዓት ላይ ነው? ማን ቤት ነበር? ይሄን አስመዝግቢ፣ የተሰበረውንም ሳትጠግኚ ፎቶ አንሺው።

ጥያቄ፦ ግንባታው ላይ የሚያድሩትን ልጆች ሰርሳሪ የሚሏቸው አሉ። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም! ይሄ በጣም አሳዝኖኛል። እስካሁን የተያዘ ሰው የለም። ልጆቹ ቀን ሙሉ ብሎኬት ተሸክመው የሚያድሩበት ስላጡ ነው እዚያ የሚተኙት። ስማቸውን ያነሳችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ነገ ሄዳችሁ ሰላም በሏቸው።