የመጀመሪያው ሲዲ የት አለ? ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በካንሰር ሕክምና መሃል ስለሚነሱ ምስሎች ናቸው። አሳጥሬ ላቅርባቸው።

ጥያቄ፦ የሐዋሳ አንባቢ ናቸው። እናታቸው ሦስት ዙር ኬሞ ወስደዋል። አዲሱ የሲቲ ስካን ሪፖርት «ጉበት ላይ 3.2 ሴንቲ ሜትር ዕጢ አለ» ይላል። ኬሞው አልሠራም ማለት ነው ወይ ይላሉ።

መልስ፦ ከዚህ ወረቀት ብቻ እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው መናገር አንችልም። 3.2 ከስንት ተነስቶ ነው? መጀመሪያ 5 ከነበረ በ36 በመቶ ቀንሷል፤ መድኃኒቱ እየሠራ ነው። 2.6 ከነበረ ግን አድጓል። ቁጥሩ አንድ፣ ዜናው ለየቅል።

ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰፊው የሚሠራበት ሬሲስት 1.1 የሚባል መለኪያ አለ። ራዲዮሎጂስቱ (ምስሉን የሚያነበው ሐኪም) ቢበዛ አምስት ዕጢዎች ይመርጥና ርዝመታቸውን ለክቶ ይደምራል። ድምሩ ከመነሻው 30 በመቶና ከዚያ በላይ ከቀነሰ ሕክምናው ይዟል ማለት ነው። ድምሩ ከሁሉም ዝቅ ካለበት መጠን ተነስቶ 20 በመቶና ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ከጨመረ፣ ወይም አዲስ ዕጢ ብቅ ካለ፣ በሽታው ገፍቷል። በመሃል ያለው «ባለበት ቆሟል» ይባላል። እሱም ብዙ ጊዜ ደህና ዜና ነው።

ለዚህ ነው ሁሌ የምለምናችሁ፦ ምስሉ የተቀዳበትን የመጀመሪያውን ሲዲ አትጣሉ። ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን ምስሉን። ባለፈው ወር አንድ ሰው የእህቱን ፊልም በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። ሪፖርቱ ስለጠፋበት አንገቱን ደፍቷል። ፊልሙን ከአዲሱ ጎን ሰቀልነው። ሳንባዋ ላይ 21 ሚሊ ሜትር የነበረው 13 ሆኗል። ሁለቱን ቁጥሮች መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎ ሄደ።

ከተቻለ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ዓይነት ማሽን ይነሱ። አንዱን በአልትራሳውንድ፣ ሌላውን በሲቲ ለክቶ ማወዳደር ያሳስታል።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ። ጠዋት ፔት ስካን አለኝ፤ ቡና ብጠጣስ?

መልስ፦ ውኃ ብቻ። የሚወጉት ንጥረ ነገር የስኳር ዘመድ ስለሆነ የበሉት ነገር ምስሉን ያበላሸዋል። የስኳር ሕመም ካለብዎ መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ፤ ምስሉን ወደሚነሱበት ቦታ ቀድመው ይደውሉ።

ጥያቄ፦ በየወሩ ሲቲ ብነሳ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ወር ይበቃል፤ ሐኪምዎ ይወስናሉ።

ጥያቄ፦ አባት ናቸው። ኢሚውኖቴራፒ (የሰውነትን መከላከያ በካንሰሩ ላይ የሚያነሳሳ ሕክምና) ጀምረው ዕጢው አበጠ። ሐኪሙ «እንቀጥል» አሏቸው፤ ልጃቸው ተቆጥቷል።

መልስ፦ ልጅዎ የተቆጣው ስለሚወድዎ ነው። ግን በዚህ ሕክምና የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ዕጢው ውስጥ ሲገቡ አልፎ አልፎ ያብጣል። ስለዚህ ሰውየው ደህና ከሆነ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ እንደገና ይታያል። ክብደት ከቀነሱ ወይም አቅም ካጡ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ የጡት ካንሰር ያለባት እህት። ከኬሞው በኋላ አልትራሳውንድ ምንም አላሳየም። ቀዶ ሕክምናውን ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትተዪው! ምስሉ ንጹሕ መሆኑ ደስ ይላል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ምስል ጥቂት የቀሩ ሕዋሳትን አያይም። ዕጢው የነበረበት ቦታ ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብቻ ነው ጠፍቷል የሚባለው። ቀጠሮሽን ሰርዘሽ ከሆነ ነገ ጠዋት ደውለሽ አስመልሺ። ስትሄጂም የመጀመሪያውን ሲዲ ያዢ፤ ሐኪሙ ዕጢው የት እንደነበረ የሚያየው እዚያ ላይ ነው።