ደላላው መታወቂያዬን ግሩፕ ላይ ለጠፈው፤ ሕግ አለ ወይስ የለም?

ጥያቄ፦ ቤት ልከራይ ብዬ ለአንድ ደላላ የፋይዳ መታወቂያዬን ፎቶ በቴሌግራም ላክሁለት። አከራይዋ መታወቂያ ካላየሁ አላነጋግርም ብላለች ስላለኝ ነው። ቤቱ አልተሳካም። በሳምንቱ ግን ደላሎች በሚሰባሰቡበት ግሩፕ ላይ ፎቶዬም፣ ስሜም፣ ስልኬም ተለጥፎ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አያርፍም፤ ሌሊት ሳይቀር የማላውቀው ሰው ይደውላል። አጥፋው ስለው «ምን አለበት፣ ቤት እንድታገኚ እኮ ነው» አለኝ። ፖሊስ ጋ ብሄድ «ሰደበሽ? ብር ወሰደብሽ? ታዲያ ምን ብለን እንክሰሰው?» ተባልኩ። እዚህ አገር የኢንተርኔት ሕግ የለም ማለት ነው? (አንዲት አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አለ እህቴ። እንዲያውም ብዙ አለ፤ በአንድ ጥራዝ አልተሰበሰበም እንጂ።

ያንቺን ጉዳይ የሚመለከተው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። ስምሽ፣ ስልክሽ፣ ፎቶሽ፣ የመታወቂያ ቁጥርሽ፣ ሁሉም የግል ዳታ ናቸው። ዋናው ሐሳቡ ደግሞ ከባድ አይደለም፦ ለአንድ ጉዳይ ብለሽ የሰጠሽው ዳታ ለዚያው ጉዳይ ብቻ ይውላል። አንቺ የሰጠሽው ለአንዲት አከራይ እንዲያሳይልሽ ነው፤ ለደላሎች ግሩፕ በሙሉ እንዲበትነው አልፈቀድሽም። «ቤት እንድታገኚ ነው» ማለቱ ፈቃድሽን አይተካም። አጥፋው ብለሽ መጠየቅም መብትሽ ነው። አዋጁን እንዲያስፈጽም የተሰየመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ አቤቱታሽን በጽሑፍ ለእሱ አቅርቢ።

ፖሊሱ ላይ ብዙም አልፈርድም። ሕጎቹ የወጡበትን ቅደም ተከተል ብታዪ ለምን እንደዚያ እንዳለሽ ይገባሻል። መጀመሪያ በ2004 የቴሌኮም ማጭበርበር አዋጅ መጣ፣ ከዚያ በ2008 የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ፣ በ2012 የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ። ሦስቱም ስለ ወንጀልና ቅጣት ናቸው። በዚያው በ2012 የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅም ወጣ፣ የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂም ጸደቀ፤ በ2013 ቴሌብር ተጀመረ፣ በ2015 የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ወጣና አሻራችንንና የዓይናችንን አይሪስ ሰጠን። የግል ዳታ ጥበቃው አዋጅ የደረሰው ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ በ2016 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። የመታወቂያው አዋጅ በራሱ ስለ ዳታ ጥበቃ የሚላቸው ነገሮች እንዳሉት አልክድም፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዳይደፈር ከ1987 ጀምሮ ደንግጓል። ግን ደላላን፣ ሱቅን፣ የሕንፃ በር ላይ መታወቂያ በስልኩ ፎቶ የሚያነሳውን ዘበኛ በቀጥታ የሚጠይቅ ዝርዝር ሕግ አልነበረንም። ስለዚህ ፖሊሱ የለመደው ስድብና ስርቆት ነው፣ የጠየቀሽም ስለ ስድብና ስርቆት ነው።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? በንዴት ቻቱን እንዳታጠፊው! ግሩፑን፣ የተለጠፈበትን ቀንና የለጠፈውን አካውንት ስክሪንሾት ያዢ። ደላላውን በስልክ አትጨቃጨቂው፤ «ፎቶዬንና ስልኬን አጥፋ፣ አልፈቀድኩም» ብለሽ በጽሑፍ ላኪለት፣ መልሱንም አስቀምጪ። የቴሌግራም መልእክት ማስረጃ ይሆናል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። የግብይት አዋጁ 1205/2012 አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አያጣም ይላል። ሌሊት ከሚደውሉት መካከል የሚያስፈራራሽ ካለና ማስፈራሪያውን በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በምስል ከላከልሽ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁን አንቀጽ 13 ይዘሽ ፖሊስ ጋ ተመለሽ፤ እስከ 3 ዓመት፣ ከበድ ካለም እስከ 5 ዓመት ያስቀጣል። በዚህ ላይ አትዘግዪ፤ በዚሁ አዋጅ መሠረት አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታ (ግንኙነቱ ከየት ወደ የት፣ መቼ እንደተደረገ የሚያሳይ መዝገብ) እንዲያስቀምጡ የሚገደዱት ለአንድ ዓመት ነው።

ለወደፊቱ ደግሞ መታወቂያ ስትልኪ ቁጥሩን ሸፍኚው። ደላላ አስራ ሁለቱን ዲጂት ምን ያደርግለታል?

ጥያቄ፦ ቲክቶክ ላይ 4,900 ተከታይ አለኝ። ጓደኞቼ 5,000 ስትሞላ መንግሥት ይከታተልሃል፣ ልትታሰርም ትችላለህ ይሉኛል። የምሠራው ቀልድ ነው። አካውንቱን ልዝጋው? (ከደሴ)

መልስ፦ አትዝጋው። 5,000 ስለሞላህ የሚሆንብህ ነገር የለም፣ የምታወጣው ፈቃድም የለም። ቁጥሩ ያለው በጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጁ 1185/2012 ውስጥ ነው፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት የጥላቻ ንግግር ወይም ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ሊደርስ ይችላል። ከዚያ በታች ከሆነ ሐሰተኛ መረጃው እስከ 1 ዓመት ወይም እስከ 50,000 ብር ነው። ተራ ስህተት ግን እዚህ ውስጥ አይገባም። ወሬው ሐሰት መሆን አለበት፣ አንተም ሐሰትነቱን የምታውቅ ወይም ማወቅ የሚገባህ መሆን አለብህ፣ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉም ከፍተኛ መሆን አለበት።

ቁጥሩ ራሱ ግን ዛሬ ብዙም ትርጉም አይሰጠኝም። ቲክቶክ ላይ 200 ተከታይ ያለው ልጅ ቪዲዮ በአንድ ሌሊት መቶ ሺህ ሰው ጋ ይደርሳል፣ 20,000 ያለው ደግሞ አንዳንዴ የሚያየው ያጣል። አዋጁ የተጻፈው የፌስቡክ ገጽ እየታሰበ ይመስለኛል።

ይገርምሃል፣ ይቺን 5,000 የምትባል ቁጥር የማያውቅ ቲክቶከር እስካሁን አልገጠመኝም። ከላይ የጻፈችልንን የሐዋሳዋን ልጅ የሚጠብቃትን የግል ዳታ አዋጅ ቁጥር ጠቅሶ የጠየቀኝ ሰው ግን እስከዛሬ አንድም የለም።